በባትሪ የሚሠራ የጎማ መፍቻ ለያዛችሁ

ትናንት አዳማ ጎማ ላስቀይር ቆሜ፣ አንዱ ልጅ የሚያብረቀርቀውን የእጅ ቡሶላ (ዳዶው ላይ የሚገጠመውን ጫፍ) በባትሪ መፍቻው ላይ ሰክቶ ዳዶውን ሲያስጮኸው አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ።

ክሮም የተቀባው ቡሶላ የተሠራው ለእጅ ጉልበት ነው፤ ይህ መሣሪያ ደግሞ የሚያዞረው እየመታ ነው። ቡሶላው ከተሰነጠቀ ስብርባሪው ዓይን ውስጥ ሊገባ ይችላል። ለዚሁ የተሠራውን፣ ጥቁሩንና ወፍራሙን ግዙ። የሥራ መነጽርም አድርጉ (የፀሐይ መነጽር አይቆጠርም!)።

ለመፍታት መሣሪያው ወደር የለውም። ጉዱ ያለው ማሰሩ ላይ ነው። መጀመሪያ ዳዶውን በእጃችሁ ሁለት ሦስት ዙር አስገቡት፤ ጠሞ ከገባ መሣሪያው ሳያሳውቃችሁ ጥርሱን ይበላዋል። ከዚያ በዝቅተኛው ፍጥነት፣ በተርታ ሳይሆን ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቃችሁ አስጠጉ። የመጨረሻውን ማጥበቅ መኪናውን ከክሪክ አውርዳችሁ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል እየለካ በሚያጠብቀው የእጅ ቁልፍ) ጨርሱ። ብዙ የቶዮታ ኮሮላ ሞዴሎች ለማጥበቂያው ኃይል 103 ኒውተን ሜትር ይላሉ፤ የራሳችሁን ከመኪናው መመሪያ እዩ። «ትንሽ ጠበቅ ይበል» እያሉ ማስጮህ ብሎኑን ይስበዋል፤ መንገድ ላይ ጎማ የፈነዳበት ሹፌርም በእጅ ቁልፍ መፍታት ያቅተዋል። በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ከገባችሁ፣ እዚያ ስትቆሙ ደግማችሁ ፈትሹት።

ቡሶላ ስትቀይሩ ባትሪውን ንቀሉ። ባትሪው ደግሞ በአዳማ ፀሐይ መኪና ውስጥ አይዋል፤ ከጋለም ሳይበርድ ቻርጅ ላይ አትሰኩት።