ስሙ ሲጠራ አቤት የሚለው ማነው? የፓይተን የስም ግጭቶች ከምልክት እስከ መፍትሄ

አጎቴ ሐረር፣ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ነው። ሰው ጨርቁን እዚያው ገዝቶ እዚያው የሚያሰፋበት፣ ስሙንም ከስፌት መኪኖቹ ጫጫታ ያገኘ መንገድ ነው። ኢድ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የደንበኞቹን ልክ የሚመዘግብ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ትንሽ ስክሪፕት ሠራሁለት። በሦስተኛው ቀን ደወለ። «ስማ እንጂ፣ የሐረር ሴት ሁሉ ቁመቷ አንድ ሆነ እንዴ?»

ስሌቱ ላይ ምንም ስህተት አልነበረም። የተበላሸው ስም ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ግራ የሚያጋባ ነገር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማጣራው ይህን ስም ስጠራ አቤት የሚለው ማን እንደሆነ ነው። ፓይተን እያንዳንዱን ስም በየመዝገቡ ነው የሚይዘው፤ ሞጁሉ (አንድ የኮድ ፋይል) የራሱ መዝገብ አለው፣ ክላሱም (የአንድ ዓይነት ነገሮች ንድፍ) የራሱ፣ እያንዳንዱ ኦብጀክትም (በንድፉ የተሠራው አንዱ ነገር) እንዲሁ። ኔምስፔስ የሚባለው ይኸው መዝገብ ነው። (የፓይተን ቁልፍ ቃላት የሚጻፉት በላቲን ነው፤ እዚህ በፊደላችን ያሰፈርኳቸው ለንባብ እንዲመቹ ብቻ ነው።)

የአንዷ ደንበኛ ልክ በሁሉም ላይ ይታያል

የአጎቴ ችግር ይህ ነበር። «ደንበኛ» የሚል ክላስ ጽፌ ከሥሩ እንዲህ አደረግሁ፦

ልኮች = []

ከዚያ ደንበኛ በመጣች ቁጥር «ራሱ.ልኮች» ላይ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት በአፔንድ ይጨመራል። («ራሱ» ያልኩት ሰልፍ የሚባለውን ነው፤ ስሙ ልማድ እንጂ ግዴታ አይደለም።) ሊስቱ፣ ማለትም [] የተባለው ዝርዝር፣ ግን የተጻፈው በክላሱ መዝገብ ላይ ነው፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ። ፓይተን «ራሱ.ልኮች» ሲባል መጀመሪያ የኦብጀክቱን መዝገብ ያያል፤ እዚያ ካጣው ወደ ክላሱ፣ ከዚያም ወደ ወላጅ ክላሶቹ ይወጣል። አፔንድ አዲስ ስም አይፈጥርም፣ ያገኘው ሊስት ላይ ይጨምራል እንጂ። ስለዚህ ሁሉም ደንበኞች በአንድ ደብተር ላይ ሲጻፉ ከረሙ። ያሳሳተኝ ደግሞ እዚያው የነበረው «ቀብድ = 0» በትክክል መሥራቱ ነው። «ራሱ.ቀብድ = 500» ማለት ምደባ ስለሆነ በኦብጀክቱ መዝገብ ላይ አዲስ ስም ይጽፋል፤ የክላሱን አይነካም።

ለማረጋገጥ የአንዷን ደንበኛ ኦብጀክት፣ የኦብጀክትን መዝገብ በሚያሳየው ቫርስ እዩት። «ቀብድ» ታይቶ «ልኮች» ከሌለ ሊስቱ ያለው ላይ ቤት፣ ክላሱ ጋ ነው።

መፍትሄው ሊስቱን ከክላሱ ሥር አንስቶ፣ ፊትና ኋላው ሁለት ሁለት አንደርስኮር ባለው፣ ኦብጀክት ሲፈጠር በሚሠራው ኢኒት ውስጥ ማስገባት ነው፦

ራሱ.ልኮች = []

እግረ መንገዳችሁን የፈንክሽኖቻችሁንም ቅንፍ እዩ። መነሻ እሴት ብላችሁ «ልኮች=[]» ከሰጣችሁ ያው በሽታ ነው፤ ሊስቱ የሚፈጠረው ፈንክሽኑ ሲጠራ ሳይሆን ገና ራሱ ሲፈጠር፣ አንዴ ነው። በፓይተን «ምንም» ማለት የሆነውን «ነን» ስጡትና ውስጥ ላይ አዲስ ሊስት ፍጠሩ። ከፓይተን 3.7 ጀምሮ ያለው፣ ኢኒቱን ራሱ የሚጽፍላችሁ ዳታክላስ እንዲህ ያለ ባዶ ሊስት ሲሰጡት ገና ከጅምሩ በኢረር ይመልሳል፤ እኔም አሁን የምጀምረው በእሱ ነው።

«ሊስት ሊጠራ አይችልም» የሚል ኢረር

ከላይ የሆነ ቦታ «ሊስት» የሚል ቫሪያብል አላችሁ። አብሮ የተወለደውን ሊስት ጋርዶታል። ስሙን ቀይሩ፣ አለቀ። «ኢንት (ሙሉ ቁጥር) ሊጠራ አይችልም» ከሆነ ግን ክላሱን እዩ፤ «ድምር» የሚል ሜተድ (የክላስ ውስጥ ፈንክሽን) ጽፋችሁ ኢኒት ውስጥ ደግሞ «ራሱ.ድምር = 0» ብላችኋል። የኦብጀክቱ መዝገብ ቀድሞ ስለሚታይ ሜተዱን ስትጠሩ አቤት የሚለው ዜሮው ነው። እኔ ቁጥሩን «ድምር»፣ ሜተዱን «ደምር» እላለሁ።

ኢረሩ የሚመጣው እናንተ ካልጻፋችሁት ፋይል ነው

አጎቴ ቀጠሮ የሚይዘው በእኛ ዘመን አቆጣጠር ስለሆነ አሥራ ሦስቱን ወራት የሚያውቅ ፋይል ጽፌ፣ ሳላስብ «ካሌንደር» ብዬ ሰየምኩት። ወዲያው ቀን የሚያነበው ስትርፕታይም «ካሌንደር ውስጥ ዴይ አብር የሚባል የለም» እያለ ይወድቅ ጀመር። ዴይ አብር የሚል ቃል በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ስትርፕታይም ከውስጥ ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣውን ካሌንደር ይጠራል። ፓይተን ሞጁል ሲፈልግ ግን መጀመሪያ የሚገባው ስክሪፕቱ ያለበት ፎልደር ነው። እዚያ የኔን አገኘ፣ ወሰደው። ማጣሪያው የሞጁሉን ፋይል አድራሻ ማተም ነው፤ አድራሻው በራሳችሁ ፎልደር ውስጥ ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ። ፓይተን 3.13 ላይ ኢረሩ ራሱ «ይህን ፋይል ስሙን ብትቀይረው» ብሎ ይጠቁማል፤ በቆየ ስሪት ላይ ግን ራሳችሁ ናችሁ የምትፈልጉት። የኔ ፋይል አሁን «የኛ_ዘመን» ይባላል።

ትናንት ፋይል የከፈተው ኦፕን ዛሬ ቁጥር አምጡ ይላል

ከፋይሉ አናት «ከኦኤስ ሁሉንም አስገባ» የሚል የኮከብ (*) ኢምፖርት አለ? ከኮምፒውተሩ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጋር የሚያገናኘው ኦኤስ የሚባል ሞጁል የራሱ ኦፕን አለው፤ ሁለተኛው ግቤቱ ጽሑፍ ሳይሆን ቁጥር ነው። ኮከቡ እሱን አምጥቶ የምታውቁትን ኦፕን ጋርዶታል። ጀጎል ውስጥ ቆሞ «መሐመድ!» ብሎ የተጣራ ሰው ስንቱ ዘወር እንደሚልለት ታውቃላችሁ። ሰው ግን የአባት ስም ይጨምራል፤ ኮከብ የሚያደርገው የአባትን ስም ከሁሉም ላይ መፋቅ ነው። ፓይተን ደግሞ ሁለቱንም ዘወር አያደርግም፤ የመጨረሻው ይመጣል፣ የፊተኛው ድምፁ ይጠፋል።

ኮከቡን አጥፉና ሞጁሉን በሙሉ ስሙ አስገቡ፤ «ኦኤስ.ኦፕን» ስትሉ ከነአባቱ ጠራችሁት ማለት ነው። ስሙ ከረዘመባችሁ በ«አዝ» ማሳጠር ይቻላል። የጀጎሉ ሸዋ በር አስማዲን በሪም ይባላል፤ አንድ በር ሁለት ስም ቢኖረው ማንም አይጠፋም። የራሳችሁን ሞጁል ሌላው በኮከብ ያስገባዋል ብላችሁ ከሠጋችሁ የውስጥ ስሞቹን በአንደርስኮር ጀምሩ። ዝርዝር ካልተሰጠው በቀር ኮከብ እነሱን ትቶ ያልፋል።

ኢረር የለም፣ ድምሩ ግን ዜሮ ነው

ይኼ የኛው ጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 በፊደላችን ስም ማውጣት ይፈቅዳል፤ ወድጄው ሁሉን በአማርኛ ጻፍኩ። ኢኒት ውስጥ «ራሱ.ሂሳብ = 0» አልኩ። ሃምሳ መስመር ወረድ ብሎ፦

ራሱ.ሒሳብ = ራሱ.ሂሳብ + ዋጋ

አንዱ በሃሌታው ሀ፣ ሌላው በሐመሩ ሐ። ጆሮ አይለያቸውም፣ ዓይንም ካልተጠነቀቀ ያልፋቸዋል። ለኮምፒውተር ግን ሂ በዩኒኮድ 1202፣ ሒ ደግሞ 1212 ናት፤ ፓይተን ስሞችን ሲያስተካክል እነዚህን አንድ አያደርጋቸውም። ስለዚህ «ሒሳብ» የሚል አዲስ ስም ተፈጠረ፣ «ሂሳብ» ዜሮ ላይ ቀረ፣ ማንም አልጮኸም። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ላይም ያው ነው። ተራ ቫሪያብል ከሆነ «እንዲህ የሚባል ስም የለም» የሚል ኢረር ብዙ ጊዜ ያድናችኋል፤ የኦብጀክት ስም ላይ ግን ምደባ ሁሌም ይሳካል።

ቫርስ እዚህም ያጋልጣል፤ ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን ያሳያችኋል። ዘላቂው መፍትሄ ክላሱ ሥር፣ እንደ ኢኒት ግራና ቀኙ ሁለት ሁለት አንደርስኮር ያለው ስሎትስ ነው። የተፈቀዱትን ስሞች ዘርዝራችሁ ትሰጡታላችሁ፤ ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ ስም ሲመደብ ኢረር ይሰጣል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። ወላጅ ክላሱ ስሎትስ ከሌለው ጥበቃው አይሠራም። ስሎትስ ውስጥ ያለ ስም ደግሞ በክላሱ ሥር እሴት ሊሰጠው አይችልም፤ ከሰጣችሁት ክላሱ ገና ሲፈጠር ይወድቃል። የመጀመሪያው በሽታዬ ማለትም «ልኮች = []» በዚህ በኩልም ተዘጋ።

የአጎቴ የወረቀት ደብተር ላይ ግን አንዱ ገጽ «ሂሳብ»፣ ቀጣዩ «ሒሳብ» ይላል፤ ድምሩ አንድም ቀን ተሳስቶበት አያውቅም።