ከፒኤስኤ ምርመራ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ከፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና በኋላ የክትትል ደም ምርመራ (ፒኤስኤ፦ ፕሮስቴት የሚያመነጨው ፕሮቲን በደም ውስጥ ያለው መጠን) ሲቃረብ እንቅልፍ እምቢ ለሚላችሁ፦ ደም ከመስጠታችሁ በፊት ሐኪማችሁን «ቁጥሩ ስንት ሲደርስ ነው የምንጨነቀው? ያኔስ ምን እናደርጋለን?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ወረቀት ላይ ጻፉት። ውጤቱ ሲመጣ ከዚያ ወረቀት ጋር ብቻ አስተያዩት።

ሰውን እረፍት የሚነሳው በአብዛኛው የቁጥሩን ትርጉም አለማወቅ ነው፤ ልኩ አስቀድሞ ከታወቀ እያንዳንዷ ጭማሪ አታስደነግጥም። ፕሮስቴቱ በቀዶ ሕክምና ለወጣለት ሰው ብዙ ጊዜ እንደ አሳሳቢ የሚወሰደው ልክ 0.2 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ነው፤ ያውም በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ። ጨረር ለወሰደ ግን መለኪያው ሌላ ነው፦ ከሕክምናው በኋላ ከታየው ዝቅተኛ ቁጥር በ2 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሲጨምር። በመሃል ትንሽ ወጣ ብሎ ራሱ ተመልሶ የሚወርድበት ጊዜም አለ። ስለዚህ የሌላ ሰውን ውጤት ከራስ ጋር ማወዳደር ትርፉ ድካም ነው። ከተቻለ ሁልጊዜ አንድ ላቦራቶሪ ተጠቀሙ፤ የመመርመሪያው ዓይነት ሲለያይ ቁጥሩም ሊለያይ ይችላል።

አዲስ የአጥንት ሕመም ወይም ደም የቀላቀለ ሽንት ካለ ግን ወረቀቱን ተዉት፤ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።