ሁለት ምስሎችን በኮድ አጋጥሞ ማነጻጸር፦ የሚታየው ችግር፣ መንስኤውና መፍትሔው

የአንድ የብራና ገጽ ሁለት ምስሎች አሉን እንበል። አንዱ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ከተነሣ ጥቁርና ነጭ ማይክሮፊልም የተቀዳ ነው፤ ሌላው በቅርቡ በዲጂታል ካሜራ የተነሣ ነው። የምንፈልገው በመካከሉ የደበዘዘውን ፊደል፣ የሰፋውን የእርጥበት እድፍና የተቀደደውን ጠርዝ ኮዱ ለይቶ እንዲያሳየን ነው። በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋና ኦፕን ሲቪ በተባለው የምስል ማቀነባበሪያ ተግባራት ስብስብ ይህን መጻፍ ከባድ አይደለም፤ ነገር ግን «ልዩነት» ተብሎ የሚወጣው ብዙ ጊዜ የብራናው ጉዳት ሳይሆን ምስሎቹ በትክክል አለመገጣጠማቸው ነው። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ አንዱን ምስል በቀይ፣ ሌላውን በአረንጓዴ ቻናል (የቀለም ንብርብር) አስገብቶ አነባብሮ ማየት ይገባል። በደንብ የተገጣጠመ ገጽ ቢጫ መደብ ላይ ጥቁር ጽሑፍ ሆኖ ይታያል፤ ያልተገጣጠመው ግን በፊደሎቹ ዳር ቀይና አረንጓዴ ጥላ ያወጣል።

ምስሉ ተጣሞ ወይም ተጨማዶ ከወጣ

ኮዱ ምስሎቹን የሚያገጣጥመው በሁለቱም ላይ ጉልህ ነጥቦችን ፈልጎ ተመሳሳዮቹን በማጣመር ነው፤ የችግሩ መንስኤ የተሳሳቱ ጥንዶች ናቸው። በግእዝ ጽሑፍ ገጽ ላይ አንድ ፊደል፣ ለምሳሌ «ወ»፣ ደጋግሞ ስለሚመጣ የአንዱን ነጥብ መግለጫ (የአካባቢውን መልክ የሚወክሉ ቁጥሮች) ከሌላው መለየት ለኮዱ ያስቸግረዋል። ኦርብ የሚባለው ነጥብ ፈላጊ ዘዴ ሌላ ካልተነገረው በቀር የሚመለከተው 31 ፒክስል ስፋት ያለውን አካባቢ ብቻ ነው፤ በከፍተኛ ጥራት በተነሣ ገጽ ላይ ይህ አንድ ፊደል እንኳ ላይሞላ ይችላል። በእኔ እምነት ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ ምስሎቹን አስቀድሞ ማሳነስ ነው፤ ያን ጊዜ ያው 31 ፒክስል በርከት ያሉ ፊደሎችን ከነአቀማመጣቸው ስለሚይዝ ነጥቡ ከሌሎች ይለያል። የተገኘውን ማትሪክስ (አንዱን ምስል በሌላው ላይ የሚያሳርፈውን የቁጥር ሠንጠረዥ) ግን ወደ ሙሉው መጠን መልሶ ማስላት እንዳይዘነጋ።

ከዚህ ጋር የርቀት መለኪያውን ማየት ያስፈልጋል፦ ለኦርብ ሃሚንግ (የሚለያዩት ቢቶች ብዛት)፣ ሲፍት ለተባለው ሌላ ነጥብ ፈላጊ ዘዴ ደግሞ ኤል 2 (ተራው የቀጥታ መስመር ርቀት) ነው፤ የኦፕን ሲቪ አዛማጅ ሌላ ካልታዘዘ ኤል 2ን ስለሚወስድ ስህተቱ ዝም ብሎ ያልፋል። የነጥቦቹንም ብዛት ከመነሻው 500 ወደ ጥቂት ሺዎች ከፍ ማድረግ፣ ከዚያም የቅርቡ ጥንድ ርቀት ከሁለተኛው ርቀት ከ0.75 እጥፍ በታች ካልሆነ መጣል ይበጃል። ሆሞግራፊ (አንዱን ጠፍጣፋ ገጽ ወደ ሌላው እይታ የሚለውጠው ማትሪክስ) ከ4 ጥንዶች ብቻ ሊሰላ ስለሚችል ኮዱ ብዙውን ጊዜ አንድ መልስ ይሰጣል፤ ራንሳክ (የተሳሳቱ ጥንዶችን የሚያጣራው ዘዴ) ከ300 ጥንዶች 12ቱን ብቻ ካስቀረ ያንን መልስ ይዞ መቀጠል አይገባም። ፈቀቅታው ከመስተካከል ይልቅ እጥፍ ከሆነ ደግሞ የመነሻውና የመድረሻው ነጥቦች ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት ነው።

መሃሉ ገጥሞ ጠርዙ ድርብ ሆኖ ከታየ

ሆሞግራፊ የሚሠራው ጠፍጣፋ ለሆነ ነገር ነው። ብራና ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ወደ ጥራዙ አካባቢም ይጎብጣል። የራንሳክን የስህተት ወሰን ከ3 ፒክስል ወደ 10 ማሳደግ ጥንዶችን ያበዛል እንጂ ጉብጠቱን አያስተካክልም። ሆሞግራፊውን እንደ መነሻ ወስዶ ገጹን በክፍል በክፍል መከፋፈልና እያንዳንዱን ክፍል በኢሲሲ ዘዴ (የፒክስሎችን መመሳሰል ደረጃ በደረጃ እያሳደገ የሚያገጣጥም) ማጥራት ይሻላል፤ ኢሲሲ የብርሃንና የንፅፅር ለውጥ ብዙም አያናጋውም፣ ስሌቱን የጀመረበት ግምት ከትክክለኛው ቦታ ከራቀ ግን መልሱ ላይ ሳይደርስ ስህተት ይመልሳል። አገጣጠሙ ከልክ በላይ ተለማጭ እንዳይሆን መጠንቀቅ ግድ ነው፤ እያንዳንዱ ፒክስል እንደ ልቡ እንዲንቀሳቀስ ከተፈቀደለት የተቀደደውን ጠርዝ እንኳ ስቦ ይደፍነዋል፣ የምንፈልገውም ማስረጃ ይጠፋል።

ገጥሞም ሁሉም ቦታ ልዩነት ከታየ

በመጀመሪያ ቅነሳውን ማጣራት ይገባል። ባለ 8 ቢት ቁጥሮች (ከ0 እስከ 255 ብቻ የሚይዙ) ነምፓይ በተባለው የፓይተን የቁጥር ስሌት መሣሪያ በቀጥታ ሲቀናነሱ 10 ሲቀነስ 20 የሚሰጠው 246 ነው፤ ስለዚህ የልዩነቱን መጠን ያለ ምልክት በሚሰጠው አብስዲፍ በተባለው የኦፕን ሲቪ ተግባር መጠቀም ያስፈልጋል። ቀጥሎ የብርሃን ልዩነት ነው፦ እያንዳንዱን ምስል በሰፊ ጋውስያን (ማደብዘዣ ማጣሪያ) ለደበዘዘው ቅጂው ማካፈል መደቡን ያስተካክላል። በጠርዝ የሚታየው ጥቁር ሰቅ ደግሞ በነጭ የተሞላ ጭምብል በዚያው ማትሪክስ አዙሮ፣ ከውስጡ ብቻ በማነጻጸር ይወገዳል።

ቀይ ጽሑፉ ብቻውን እንደ ጉዳት ከተቆጠረ

የቅዱሳን ስሞችና የምዕራፍ መጀመሪያዎች በቀይ ቀለም ስለሚጻፉ ይህ በብራና ላይ ዘወትር የሚያጋጥም ነው። የዲጂታሉን ምስል በተለመደው መንገድ ወደ ግራጫ መለወጥ ለቀዩ ቀለም የሚሰጠው ጥቁረት ፊልሙ ከሰጠው ጋር ላይመሳሰል ይችላል፤ በቀይ ቻናል ብቻ ከታየ ደግሞ ቀዩ ጽሑፍ ከብራናው ጋር ተመሳስሎ ይደበዝዛል። መፍትሔው በግራጫው ፈንታ ሦስቱን ቻናሎች ለየብቻ ከፊልሙ ጋር አነጻጽሮ፣ ቀዩን ጽሑፍ ለፊልሙ በጣም ቀራቢ በሆነ ጥቁረት የሚያሳየውን መምረጥና ልዩነቱን ከዚያ ማውጣት ነው።