ቁልፉ በእጁ ይሁን፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለበት ጎልማሳ መኖሪያና ድጋፍ እንዴት ይደራጃል?

አብዛኛው ቤተሰብ ይህን ጉዳይ የሚያነሳው ሲጨንቀው ነው። እናት ሆስፒታል ትገባለች ወይም አባት ያርፋል፤ ልጁ ገና ከሐዘኑ ሳይወጣ በማያውቀው ቤት፣ በማያውቀው አልጋ ላይ ይተኛል። በአንድ ሌሊት ወላጁንም፣ ክፍሉንም፣ የለመደውን ውሎም ያጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጩኸት፣ ምግብ እምቢ ማለት፣ እንቅልፍ ማጣት "የጉዳቱ ጠባይ" ተብሎ ይታለፋል፤ ሐዘን መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ስለዚህ ወላጅ ጤነኛ ሳለ፣ ሽግግሩን በዓይኑ እያየና እያረመ ይጀመር። ከዝግጅቱ መጀመሪያ እስከ ሙሉ መዛወር አንድ ዓመት ያህል መድቡ።

የመጀመሪያው ሥራ ቤት መፈለግ አይደለም፤ ደብተር መክፈት ነው።

የሁለት ሳምንት ደብተር

ለ14 ቀናት፣ ከመንቃት እስከ መተኛት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን ይሠራ ነበር? ማን አብሮት ነበር? ምን ያህል እርዳታ አስፈለገው? እርዳታውን በቁጥር ብትለዩት ይቀላል። 0 ብቻውን ሠራው፣ 1 በቃል ማስታወስ በቃው፣ 2 በምልክት ወይም ሠርቶ በማሳየት፣ 3 እጁን በመያዝ፣ 4 ሌላ ሰው ሙሉ በሙሉ ሠራለት። ሌሊቱንም አትዝለሉ። ስንት ጊዜ ተነሣ? ለምን? ራሱ ተመልሶ ተኛ ወይስ ሰው አስፈለገው?

ደብተሩን ስታነቡ 4 ከሚገባው በላይ በዝቶ ታገኙታላችሁ። ጫማውን እናቱ ታስርለታለች፤ ማሰር አቅቶት ሳይሆን ስለሚዘገይ። እንዲህ ባለው ቦታ ላይ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጊዜ ተናግራችሁ 10 ሰከንድ ጠብቁ፤ በልባችሁ ቁጠሩ። ብዙዎቹ የተባለውን ሰምተው፣ ተረድተው፣ እጃቸውን እስኪያነሡ ያን ያህል ጊዜ ይፈጅባቸዋል። በ3ኛው ሰከንድ ላይ ያንኑ ነገር በሌላ ቃል ከደገማችሁት ለእሱ አዲስ ጥያቄ ነው፤ ማሰቡን እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል።

ከደብተሩ የሚገኘው የሰዓት ካርታ ነው። ለምሳሌ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት 3 እና 4 ይበዛል፤ ቀኑን 0 እና 1 ብቻ ነው፤ ማታ መድኃኒትና ሻወር ላይ 3 ይመለሳል። ይህ ሰው 24 ሰዓት የሚጠብቀው አያስፈልገውም። ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ማታም ለሁለት ሰዓት ያህል የሚረዳው፣ በመካከሉ ደግሞ ደውሎ የሚያገኘው ሰው ይበቃዋል። ለሌሊቱ የሚነሣው ጥያቄ ደግሞ እዚያው ተኝቶ ሲጠራ የሚነሣ ሰው ይብቃ ወይስ ነቅቶ የሚያድር ያስፈልግ የሚለው ነው፤ በእንቅልፉ የሚጥል በሽታ ለሚነሣበት ሰው መልሱ ከሐኪሙ ጋር ተመክሮ ይወሰን። ካርታ ሳይኖር የሚመደብ ድጋፍ በሁለት መንገድ ይበላሻል፤ ሲያንስ ሰውየው ለአደጋ ይጋለጣል፣ ሲበዛ የሚችለውን ሁሉ ይረሳል።

አከራይና ድጋፍ ሰጪ አንድ አይሁኑ

ይህን ነጥብ አጥብቃችሁ ያዙ። ቤቱን የሚያከራየውና ድጋፉን የሚሰጠው አንድ አካል ከሆነ፣ ነዋሪው በሠራተኛ ላይ ቅሬታ ባነሣ ቁጥር የሚያድርበትን ቤት አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ዝም ይላል፤ ቤተሰቡም ዝም ይላል። ሁለት ውል ይኑር፦ የኪራይ ውል በነዋሪው ስም፣ የድጋፍ ውል ለብቻው። ድጋፉ ካልሆነ ይቀየራል፤ ሰውየው ግን ከአልጋው አይነቃነቅም።

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጸድቅ በአንቀጽ 19 የት እና ከማን ጋር እንደሚኖር የመምረጥ ዕድል እንደ ማንኛውም ሰው እንዲኖረው፣ በተወሰነ ዓይነት መኖሪያ እንዲኖርም እንዳይገደድ ደንግጓል። አንቀጽ 12 ደግሞ ውሳኔውን እንዲወስን ድጋፍ ማግኘት እንዳለበት ይናገራል፤ ድጋፍ ሲባል ሌላው ይወስንለት ማለት አይደለም።

ምርጫውን እንዴት ትጠይቁታላችሁ? "ደስ ይልሃል?" ብላችሁ "አዎ" ካላችሁ ገና ምንም አልጠየቃችሁም። ብዙዎቹ ከልጅነታቸው ጀምሮ እሺ ማለት እንደሚያስመሰግን ተምረዋል፤ ሁለት አማራጭ ሲሰሙም የመጨረሻውን ይደግማሉ። የሁለቱን ቤቶች ፎቶ ይዛችሁ ጠይቁ፤ በማግስቱ ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ ጠይቁ፤ በሦስተኛው ቀን "የማትፈልገው የቱን ነው?" በሉ። ሦስቱም መልስ ከገጠመ ምርጫ ነው። የማይናገር ሰው ከሆነ ሁለቱንም ቤት በተለያየ ቀን ወስዳችሁ ተመልከቱት፦ የት ተቀመጠ? ጃኬቱን አወለቀ ወይስ በሩ ጋ ቆሞ ቀረ? የት በላ?

ጎረቤት የሚያውቀው፣ የሚወድደው ቦታ በእግር የሚደረስበት ቤት ከሰፊና ከሩቅ ቤት ይሻላል። መንገዱን አንዴ በቀን፣ አንዴ ከመሸ በኋላ አብራችሁ ሂዱበት። አብሮ የሚኖር ሰው ካለም ክፍል ስለተለቀቀ ብቻ አይጣመሩ፤ አንዱ ድምፅ የሚያስጨንቀው፣ ሌላው ቴሌቪዥን ከፍ አድርጎ የሚያይ ከሆነ ሁለቱም የደግ ደግ ቢሆኑ አይዘልቁም።

ውሃ፣ በር፣ እሳት

ከዕቃ ግዢ በፊት ቴርሞሜትር ያዙ። የሞቀ ውሃውን ቧንቧ ከፍታችሁ ሙቀቱ መጨመሩን እስኪያቆም ጠብቁና ለኩ። 60 ዲግሪ ሴልሺየስ የደረሰ ውሃ በ5 ሰከንድ ገደማ ቆዳን ክፉኛ ያቃጥላል፤ ሕመም ዘግይቶ የሚሰማው ወይም እጁን ቶሎ የማይመልስ ሰው ደግሞ ከዚያ በላይ ይቆያል። መፍትሔው ማሞቂያውን ዝቅ ማድረግ እንዳይመስላችሁ፤ በጋኑ ውስጥ ለብ ብሎ የሚቆይ ውሃ ሊጅዮኔላ የተባለውን የሳንባ ምች ባክቴሪያ ያራባል። ጋኑ 60 ላይ ይቆይ፤ መታጠቢያው አጠገብ ግን ሙቀት የሚቆጣጠር መቀላቀያ ይገጠም፤ ከዚያ የሚወጣው ከ44 ዲግሪ አይበልጥ። በየወሩ እንደገና ለኩ፤ መቀላቀያው በኖራ ሲደፈን ይዛባል።

የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው ከገንዳ ይልቅ ሻወር ይመረጣል፤ በጥልቀቱ ትንሽ በሆነ ውሃም ሰው ይሰጥማል። የመታጠቢያው በር ወደ ውጭ የሚከፈት፣ ከውስጥ ቢቆለፍም ከውጭ በሳንቲም የሚፈታ ይሁን። ወደ ውስጥ የሚከፈት በር ሰውየው በሩ ሥር ከወደቀ አይገፋም። መቆለፊያውን ጨርሶ ማንሣት ግን ስሕተት ነው፤ ገመናውን መሸፈን መብቱ ነው።

የጭስ ማስጠንቀቂያ መስቀል ብቻውን አይበቃም። ድምፁ የሚያስደነግጠው ሰው ጆሮውን ይዞ አልጋ ሥር ይገባል። ድምፁን በስልክ ቀድታችሁ በዝግታ አለማምዱት፤ መጀመሪያ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ቀጥሎ ከፍ አድርጋችሁ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ አብራችሁ ወደ አንድ ቋሚ ቦታ እየወጣችሁ። ከዚያም አንድ ቀን ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ከአልጋው ተነሥቶ ይሞክረው።

ቁልፉን ማስተማር

በሩን በራሱ ቁልፍ የሚቆልፍ ሰው ቤቱ የእሱ መሆኑን በእጁ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ማስተማሩን ከዚህ ጀምሩ። ሥራውን ሰባብሩት፦

1. በሩን ስቦ ይዘጋል።
2. ቁልፉን ከኪሱ ያወጣል።
3. ቀይ ክር የታሰረበትን ይለያል።
4. ያስገባል።
5. እስኪቆም ያዞራል።
6. ይነቅላል።
7. እጀታውን ገፋ አድርጎ መቆለፉን ያያል።
8. ቁልፉን ኪሱ ይከታል።

ትምህርቱ ከመጨረሻው ይጀምር። ከ1 እስከ 6 እናንተ ሥሩ፤ 7ን እና 8ን እሱ ይሥራ። ሦስት ቀን በተከታታይ ያለ እርዳታ ሲያደርገው 6ን ጨምሩለት፣ ቀጥሎ 5ን። እንዲህ ሲሆን ሙከራው ሁሉ በተቆለፈ በር ይዘጋል፤ ከፊት ከጀመራችሁ ግን ቁልፉ አልዞር ያለው ጊዜ ትምህርቱ በብስጭት ይቋረጣል።

የቃል ጥቆማ ለማስቀረት ከባድ ነው። "አሁን አዙር" የለመደ ሰው ቁልፉን አስገብቶ ድምፃችሁን ይጠብቃል። ከጎኑ ሳይሆን ከኋላው ቁሙ፤ በጣት አሳዩ፤ ቀስ በቀስ ጣቱንም ተዉት። ድጋፍ ሰጪዎች ሁሉ ያንኑ ቅደም ተከተል ይከተሉ፤ አንዱ እጀታውን የሚፈትነው ቁልፉን ሳይነቅል ከሆነ ለተማሪው ሌላ ሥራ ሆነበት ማለት ነው። ሳምንታት አልፈው ከ5 ካልወጣ ምናልባት ችግሩ የእጁ ጉልበት ይሆናል፤ ቁልፉን በወፍራም እጀታ አልብሱት ወይም የበሩን መቆለፊያ ዘይት ቀቡት።

ጤናው

አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ፤ ሐኪም ዘንድ በሄደ ቁጥር አብሮት ይሂድ። ስሙ፣ መድኃኒቶቹና መጠናቸው፣ የማይስማማው ነገር፣ ሲያመው የሚያሳየው ምልክት፣ የሚረዳበት ቋንቋ ወይም ምልክት፣ የሚያስፈራው ነገር ይጻፍ። "ሲያመው ዝም ይላል፤ የቀኝ ጆሮውን ይመታል" የሚል አንድ መስመር ብዙ ምርመራ ያሳጥራል።

ጠባዩ በድንገት ከተቀየረ ከሁሉ በፊት ሕመም ፈልጉ፦ ጥርስ፣ ጆሮ፣ ሆድ፣ ሽንት። የሆድ ድርቀት በእነዚህ ሰዎች ዘንድ በጣም ይበዛል፤ ችላ ሲባልም ሕይወት ያጠፋል። ስለዚህ ሰገራ የወጣበት ቀን ይመዝገብ፤ ሳይወጣ ሦስት ቀን ካለፈ ለሐኪም ይነገር፤ ማስታወክና የሆድ መነፋት ከተጨመረ አይጠበቅም። ሲበላ የሚያስለው፣ ድምፁ ጉሮሮው ውሃ እንደያዘ እርጥብ የሚሆነው፣ ሳንባው ደጋግሞ የሚታመም ሰው የመዋጥ ምርመራ ያስፈልገዋል።

የሚጥል በሽታ ሲነሣበት ሰዓት ያዙ፤ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ ሲበርድለት በጎኑ አስተኙት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይገባም። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው አምቡላንስ ይጠራ።

ዳውን ሲንድረም (ከውልደት ጀምሮ የሚኖር የአእምሮ እድገት ውስንነት ዓይነት) ያለባቸው ሰዎች የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋቸዋል፤ የመርሳት በሽታም ከ40 ዓመት ወዲህ ከሌላው ሰው ቀድሞ ይመጣባቸዋል። በ30ዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ በፈቃዱ፣ ሲለብስና አልጋ ሲያነጥፍ አጭር ቪዲዮ ቅረጹ። ከዓመታት በኋላ "ድሮም እንዲህ ነበር" የሚለውን ክርክር የሚፈታው እሱ ነው።

መድኃኒት በሳምንት ሣጥን ይከፋፈል፤ አንዱ ይሙላ፣ ሌላው ይቁጠር። ፊርማ የሚደረገው ከዋጠ በኋላ ነው። እምቢ ካለ ይመዝገብ እንጂ በምግብ አይደበቅ፤ አንዴ ካወቀባችሁ ምግቡንም ማመን ይተዋል።

ገንዘብ

የሳምንቱን ወጪ በሰባት ግልጽ ከረጢት ከፋፍሉ፤ በእያንዳንዱ ላይ የቀኑ ሥዕል ይለጠፍ። ከነዋሪው ጋር ገበያ የሚወጣው ሰው ሒሳቡን አይመርምር፤ ሌላ ሰው በየሳምንቱ ደረሰኙን ከቀሪው ጋር ያስታርቅ። የባንክ ምሥጢር ቁጥሩ በሠራተኛ እጅ አይግባ። ለራሱ ፍላጎት የተተወ ገንዘብም ይኑር፤ እናንተ የማትገዙትን ነገር ቢገዛበት ገንዘቡ የእሱ ነው።

መዛወሩ

መጀመሪያ ለአንድ ምሳ ይሂድ፤ ከዚያ እስከ ማታ፣ ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ከዚያ ሁለት። በየደረጃው የራሱ የሆነ አንድ ዕቃ እዚያው ይተው፦ ፎጣው፣ ትራሱ፣ የግድግዳ ሰዓቱ። ማታ ስንት ሰዓት እንደሚታጠብ፣ ምን እንደሚሰማ፣ መብራቱ ምን ያህል እንደሚደበዝዝ ከወላጅ ቤት ሳይለወጥ ይዛወር፤ አልጋውና ልማዱ በአንድ ቀን አይቀየሩ። "እስከ ነገ ብቻ ነው" ብላችሁ አትዋሹ። ስንት ሌሊት እንደሚያድር የሚያሳይ ሰሌዳ ላይ በየጠዋቱ አንዱን ራሱ ይሰርዝ።

ገላ በማጠብና በማልበስ ነዋሪዋን ሴት የምትረዳ ሴት ትሁን። ማንም ነዋሪ በክፍሉ አይቆለፍበት። ከድርጅቱም ከቤተሰቡም ያልሆነ አንድ ሰው ሳይነግር እየመጣ ይጠይቀው፤ ብቻቸውንም ያውሩ። ያልታወቀ ሰንበር፣ አንድን ሠራተኛ ሲያይ መሸማቀቅ፣ በድንገት አልጋ ላይ መሽናት ካዩ በዚያኑ ቀን ይነገር።

ከተዛወረ በስድስተኛው ወር የ14 ቀኑን ደብተር እንደገና ሙሉና ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ። 3 የነበረው 1 ከሆነ ሰዓት ተርፏል። ያን ሰዓት ቶሎ አትቀንሱት፤ ድጋፉ ስለነበረ የቆመ ችሎታ ድጋፉ ሲነሣ አብሮ ይወርዳል። ለሦስት ወር ከቤት ውጭ አዙሩት፦ ወዳጅ ወደሚያገኝበት፣ ሥራ ወደሚሞክርበት። ከዚያ በኋላም 1 ሆኖ ከጸና፣ በሳምንት ከግማሽ ሰዓት ሳታልፉ ቀንሱ፤ የቀነሳችሁበትንም ቀን ደብተሩ ላይ አስፍሩ።