የትንበያ ገበያ አይቶ ምርጫን ለሚገምት ሰው፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የአሜሪካ ምርጫ ሲቃረብ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ቡና ተፈልቶ በቴሌግራም የመጣ የፖሊማርኬት ስክሪንሹት ይዞ የሚከራከር አይጠፋም። ፖሊማርኬት የትንበያ ገበያ ነው፤ ሰዎች ወደፊት በሚሆነው ነገር ላይ በገንዘብ የሚወራረዱበት ድረ ገጽ። ቁጥሩ ማንበብ ለሚችል ጥሩ መረጃ ነው። ዋጋውን ለማየት ደግሞ አካውንትም ዶላርም አያስፈልግም፤ መወራረድ ሌላ፣ ማንበብ ሌላ።

አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ውል የተባለው ነገር ከሆነ 1 ዶላር ይከፍላል፣ ካልሆነ ምንም። 62 ሳንቲም የሚሸጥ ከሆነ ገበያው ለነገሩ 62 በመቶ ገደማ ዕድል ሰጥቶታል ማለት ነው።

ዕድልን የድምፅ ድርሻ አድርጎ መውሰድ። ከሁሉም የበዛው ስህተት ይሄ ነው። 62 በመቶ ሕዝብ ይመርጠዋል ማለት አይደለም፤ በሕዝብ አስተያየት መለኪያ 51 ለ49 የሚመራ ሰው ገበያው ላይ 70 ሊያወጣ ይችላል። 62 ማለት እንዲህ ያለ ምርጫ አሥር ጊዜ ቢደረግ አራቱን ገደማ ይሸነፋል ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 23 ቀን 2016 ብሪታንያ ድምፅ ስትሰጥ፣ የውርርድ ገበያው «በአውሮፓ ኅብረት ትቆያለች» ለሚለው ከ80 በመቶ በላይ ሰጥቶ ነበር፤ «ትውጣ» 51.9 በመቶ አግኝቶ አሸነፈ። በአንድ ምርጫ ብቻ ገበያውን ጎበዝም ሰነፍም ማለት አይቻልም።

ደንቡን ሳያነቡ ርዕሱን ማመን። ከእያንዳንዱ ውል ሥር ውጤቱ በምን ምንጭ፣ እስከ መቼ እንደሚወሰን ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 በቬንዙዌላ ምርጫ የአገሪቱ ምርጫ ቦርድ ማዱሮ አሸነፈ ሲል፣ ፖሊማርኬት ላይ ግን ውሉ ለተቃዋሚው ለጎንዛሌዝ ተዘጋ። ደንቡ ይፋዊውን መረጃ ዋና ምንጭ ቢያደርግም፣ ክርክሩን በድምፅ የዳኙት የአንድ ዲጂታል ቶክን (የኢንተርኔት ገንዘብ ዓይነት) ባለቤቶች ናቸው። ከምርጫው በኋላ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የቀረው ግን ማዱሮ ነበር። ዋጋውን ብቻ ያየ ሰው ምን ሊረዳ ይችላል?

ስለ እኛ ምርጫ የተከፈተ ውል ብታገኙም የጥያቄውን ቃል እዩ። የደሴ ወይም የወልዲያ መራጭ ድምፅ የሚሰጠው ለምርጫ ክልሉ ተወካይ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሰይመው 547 መቀመጫ ያለው ምክር ቤት ነው። ስለዚህ «ማን ጠቅላይ ሚኒስትር ይሆናል» የሚል ውል ስለ ወሎ ድምፅ አሰጣጥ የሚነግራችሁ ነገር የለም። ቀነ ገደቡም ያታልላል። ለ2012 ታስቦ የነበረው 6ኛው ምርጫ ወደ ሰኔ 14 ቀን 2013 ተገፍቷል፣ በአንዳንድ አካባቢዎች እንዲያውም መስከረም 20 ቀን 2014 ነው የተካሄደው። «እስከዚህ ቀን» የሚል ውል በእንዲህ ያለ መዘግየት «አልሆነም» ተብሎ ሊዘጋ ይችላል።

የተጻፈውን ዋጋ የተገበያየ ዋጋ አድርጎ ማየት። ባቲ ሰኞ ገበያ የወረደ ሰው ያውቀዋል፦ ሻጭ የጠራው የግመል ዋጋ ግመሉ የተሸጠበት አይደለም። ፖሊማርኬት የሚያሳየው በገዢና በሻጭ ጥሪ መካከል ያለውን አማካይ ነው፤ ልዩነቱ ከ10 ሳንቲም ሲበልጥ ግን መጨረሻ የተሸጠበትን ያሳያል። ገዢ 40፣ ሻጭ 58 ብሎ ከቆመ፣ ገጹ ላይ የትናንቱ 57 ተለጥፎ ልታገኙት ትችላላችሁ። ኦርደር ቡኩን (የገዢና የሻጭ ጥሪዎችን ዝርዝር) ክፈቱ። 200 ዶላር ዋጋውን 5 ሳንቲም የሚያነቃንቀው ከሆነ የብዙ ሰው ግምት አይደለም። ስለ አፍሪካ ምርጫዎች የሚከፈቱ ውሎች ብዙ ጊዜ እንዲህ የሳሱ ናቸው።

ድምሩን አለማስተካከል። ዕጩዎቹ 62፣ 34፣ 5 እና 4 ከሆኑ ድምሩ 105 ነው፤ የሚያሸንፈው አንድ ብቻ ስለሆነ ግን ዕድላቸው ተደምሮ ከ100 መብለጥ የለበትም። እያንዳንዱን ለ105 አካፍሉ፤ መሪው 59 በመቶ ይሆናል።

ማን እንደገዛ አለመጠየቅ። በ2024ቱ የአሜሪካ ምርጫ አንድ ፈረንሳዊ በበርካታ አካውንቶች ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ትራምፕ ላይ አስይዟል። አሸንፏል፤ ያ ግን የእሱ ግምት የሺዎች ግምት ነበር አያሰኝም። ዋጋ በድንገት ሲዘል ሌሎቹን የትንበያ ገበያዎች፣ ካልሺንም ፕረዲክትኢትንም ተመልከቱ። ፕረዲክትኢት በዚያ ምርጫ ወቅት ለአንድ ሰው በአንድ ውል 850 ዶላር ብቻ ይፈቅድ ስለነበር፣ ባለጸጋ ብቻውን ሊገፋው አይችልም ነበር። ሁሉም አብረው ከዘለሉ አዲስ ወሬ ሊኖር ይችላል፤ አንዱ ብቻ ከዘለለ ግን የአንድ ባለጸጋ ገንዘብ ሊሆን ይችላል።

በ2 እና በ4 ሳንቲም ልዩነት መከራከር። ጠባብ ዕድል ያለው ዕጩ አብዛኛውን ጊዜ ከሚገባው በላይ ይሸጣል። ምርጫው ዓመት ከቀረው፣ «አይሆንም»ን በ97 ገዝቶ ለ3 ሳንቲም ትርፍ ገንዘቡን የሚያስር ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ዋጋውን የሚያወርደው ሰው ይጠፋል።

ሰዓት የሌለው ስክሪንሹት። በምርጫው ሌሊት ዋጋ በደቂቃ ይቀየራል፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 2024 ማታ የትራምፕ ዋጋ በጥቂት ሰዓታት ከ60 አካባቢ ተነስቶ ከ90 በላይ ወጥቷል። ግራፉ የኒውዮርክን ሰዓት የሚያሳይ ከሆነ በኖቬምበር ምርጫ ጊዜ 8 ሰዓት ጨምሩ፣ በበጋቸው ደግሞ 7። የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት ከምሽቱ 7:00 በፈረንጅ አቆጣጠር ምርጫ ጣቢያ ስትዘጋ እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት የተነሳ ምስል ከጆርጂያ ቆጠራ በፊት የነበረ ግምት ነው።