በሞተርሆም የአውሮፓን የመጸው ቅጠል ለማየት ስታቅዱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

አገር ቤት መስከረም ጠብቶ ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሲሆን፣ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ዛፉ ራሱ ቀለም መቀየር ይጀምራል። ይህን ለማየት ከሞተርሆም፣ ማለትም አልጋና ማብሰያ ካለው የጉዞ መኪና፣ የተሻለ ነገር የለም ባይ ነኝ። ሆቴል የያዘ ሰው ቅጠሉ ገና ቢሆን ወይም ረግፎ ቢጠብቀው ምንም ማድረግ አይችልም። ሞተርሆም የያዘ ግን ሞተሩን አስነስቶ ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ቀለሙ ባለበት ያድራል። ብዙ ሰው እቅድ ሲያወጣ የሚሠራቸው ስህተቶች ታዲያ ይህንኑ ዋና ጥቅም ነው የሚያሳጡት።

ቀኑን ቆርጦ ቦታውን ሁሉ ቡክ ማድረግ

ከሁሉም የሚብሰው ይህ ነው። የዓመት ፈቃድ ይወሰዳል፣ መኪናው ይከራያል፣ ከዚያ እያንዳንዱ ማደሪያ በቀን በቀኑ ይያዛል። ቅጠሉ ግን የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም።

አውሮፓ አንድ የቅጠል ወቅት የላትም። በፊንላንድ ላፕላንድ ቀለሙ የሚደምቀው በሴፕቴምበር አጋማሽ አካባቢ ነው፤ እኛ የእንቁጣጣሽን ድግስ ሳንጨርስ ማለት ነው። በአልፕስ ተራሮች ከፍታ ላይ ያሉት፣ መርፌ ቅጠላቸውን በመጸው የሚያራግፉት የላርች ዛፎች ወርቃማ የሚሆኑት አብዛኛውን ጊዜ ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ ነው። የሞዜል ወንዝ የወይን ተክሎችና የመካከለኛው ጀርመን የቢች ጫካዎችም (ቢች ሰፊ ቅጠል ያለው ዛፍ ነው) በዚያው ሰሞን ያምራሉ። በሰሜን ስፔን፣ ናቫራ ውስጥ ያለው የኢራቲ ጫካ ደግሞ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ ይዘልቃል። ከላይ እስከ ታች ሁለት ወር ገደማ ልዩነት አለ። «ኦክቶበር ላይ እንሄዳለን» ብቻ ማለት እቅድ አይሆንም።

ከኬክሮስ ይልቅ ደግሞ ከፍታው ለእኛ ይጠቅመናል። ቀለሙ ከተራራው አናት ይጀምርና በየቀኑ ወደ ታች ይወርዳል። አንድ መንገድ ልጥቀስ። በስዊዘርላንድ ኤንጋዲን ሸለቆ፣ ሴንት ሞሪትዝ አካባቢ፣ መሬቱ ራሱ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ በማሎያ ማለፊያ፣ ማለትም በተራራው መሻገሪያ መንገድ፣ አድርጋችሁ ወደ ጣሊያኗ ኪያቬና ብትወርዱ 1,500 ሜትር ያህል ትወርዳላችሁ፤ መንገዱ ደግሞ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ላይ ላርቹ ቢጫ ሆኖ መርፌውን ሲያራግፍ፣ መሃል ላይ ብሬጋሊያ ሸለቆ ውስጥ የቼስትነት ዛፉ ገና ቀለም መቀየር ይጀምራል። ታች ኮሞ ሐይቅ ዳር፣ 200 ሜትር ላይ፣ ብዙው ዛፍ አረንጓዴ ነው። ላይ ረፍዶባችሁ ከሆነ ታች ትደርሱበታላችሁ። ይህን የሚያስችለው ሞተርሆሙ ነው፤ ግን ለሚቀጥለው አምስት ቀን የተከፈለበት ቦታ ከላይ ካላሰራችሁ ብቻ።

ቀኑን በትክክል መተንበይ የማይቻልበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ቀኑ ሲያጥር ዛፉ ክሎሮፊል መሥራቱን ያቆማል። አረንጓዴው ሲጠፋ ከሥሩ የነበረው ቢጫ ይወጣል። ቀዩ ግን አስቀድሞ አልነበረም፤ ቅጠሉ ውስጥ ከቀረው ስኳር አዲስ የሚሠራ ነው። ለዚህ ፀሐያማ ቀንና ቀዝቀዝ ያለ፣ ውርጭ የሌለው ሌሊት ይፈልጋል። ሳምንቱን ሙሉ ከዘነበ ቀዩ ይደበዝዛል። አንድ ሌሊት ኃይለኛ ነፋስ ከነፈሰ ደግሞ የደረሰው ቅጠል ጠዋት መሬት ላይ ነው።

ስለዚህ መኪናውን ቀድማችሁ ያዙ፤ አካባቢውን ግን ከመነሳታችሁ አራት አምስት ቀን ሲቀር ወስኑ። የአልፕስ መንደሮችና የበረዶ ሸርተቴ ማዕከላት የቀጥታ ካሜራ ኢንተርኔት ላይ አላቸው። ከቆንጆ የማስታወቂያ ፎቶ ይልቅ ያንን ዛሬ ጠዋት ክፈቱ።

ዛፉን ሳያውቁ ጫካውን መምረጥ

ጀርመን የሚኖር ሰው ቅጠል ሲባል ብዙ ጊዜ ቶሎ የሚመጣለት ሽቫርትስቫልድ (ጥቁር ጫካ) ነው። ቆንጆ ቦታ ነው፣ ግን አብዛኛው ዛፉ ስፕሩስና ፈር ነው፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ። ለቅጠል ከሆነ ቢች ያለበትን ፈልጉ። በሄሰን ግዛት ኬለርቫልድ-ኤደርዜ፣ በቱሪንገን ደግሞ ሃይኒሽ አለ። ሁለቱም በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ የቢች ጫካዎች ናቸው። ሃይኒሽ ውስጥ ከዛፎቹ አናት ጋር እኩል የሚያስኬድ ከፍ ያለ የእግር መንገድ ተሠርቷል፤ ቅጠሉን ከላይ ማየት ሌላ ነገር ነው። ላርች ደግሞ መርፌ ቅጠል ኖሮት የሚያራግፍ ስለሆነ፣ ከሩቅ ጥድ የመሰላችሁ ተራራ በሙሉ ወርቅ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ብዙ አገር ለመጨረስ መሮጥ

ከአምስተርዳም ተነስቶ በአንድ ሳምንት ሞዜልን፣ አልፕስንና ቶስካናን ማዳረስ ይቻላል። ያየኸው ግን አውራ ጎዳና ነው። ቀኑ አጭር ነው፤ በኦክቶበር የመጨረሻው እሁድ ደግሞ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሚመለስ ፀሐይ ከትናንቱ አንድ ሰዓት ቀድማ ትገባለች። ለአንድ ሳምንት አንድ ሸለቆ ይበቃል።

ጭጋግም አለ። በመጸው ከሐይቅና ከወንዝ ዳር ያለው ቆላ ቀኑን ሙሉ ግራጫ ሆኖ ሊውል ይችላል። ተስፋ ቆርጣችሁ ሌላ አገር አትሂዱ። ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ሜትር ወደ ላይ ስትወጡ ጭጋጉ ከእግራችሁ ሥር ይቀርና ፀሐዩ ቦግ ይላል።

ክብደትን መርሳት

በአውሮፓው ቢ (B) መንጃ ፈቃድ የሚነዳው እስከ 3,500 ኪሎ ድረስ ነው፤ አብዛኛው የኪራይ ሞተርሆምም ለዚሁ ልክ የተሠራ ነው። ችግሩ ባዶውን ራሱ ወደ 3,000 ኪሎ ሊጠጋ መቻሉ ነው። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው። የኤሌክትሪክ ብስክሌት አንዱ 25 ኪሎ ይደርሳል። የእኛ ሰው ሲጨመር ደግሞ ይታወቃል፤ እንጀራው በካርቶን፣ ሽሮው፣ በርበሬው፣ ድስቱ፣ ለጎረቤት ካምፐር ሁሉ የሚተርፍ ምግብ። አራት ሰው ከነሻንጣው ከገባ ገደቡ ሳይታወቅ ታልፏል።

ስዊዘርላንድና ኦስትሪያ ውስጥ ፖሊስ አስቁሞ ይመዝናል። ቅጣቱ ብቻ ሳይሆን ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ነው የሚያሳስበው። ጭናችሁ እንደጨረሳችሁ ምድር ሚዛን ላይ ውጡ። ክፍያውም ከክብደት ጋር የተያያዘ ነው። ስዊዘርላንድ እስከ 3.5 ቶን ላለ መኪና የ40 ፍራንክ የዓመት ቪንየት (የአውራ ጎዳና ክፍያ ማረጋገጫ) አላት። ኦስትሪያም እስከዚያው ክብደት በቪንየት ታስኬዳለች። ከዚያ በላይ የተመዘገበ መኪና ግን በሁለቱም አገር በሌላ ሥርዓት ነው የሚከፍለው፤ ኦስትሪያ ውስጥ ጎ-ቦክስ የሚባል መሣሪያ ያስፈልገዋል።

ሌሊቱን መናቅ

ቀን 15 ዲግሪ ሆኖ በሹራብ ስትንሸራሸሩ የዋላችሁበት ሸለቆ ሌሊት ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል። እዚህ ላይ የሚያጋጥመውን ልዘርዝር፤ ለጀማሪ በጣም ግራ የሚያጋባ ስለሆነ።

በብዙ ሞተርሆሞች ላይ ያለው ትሩማ የተባለው ኩባንያ ማሞቂያ ፍሮስትኮንትሮል የሚባል ትንሽ ቫልቭ አለው። ቫልቩ አጠገብ ሙቀቱ ወደ 3 ዲግሪ ሲወርድ በራሱ ይከፈትና የቦይለሩን፣ ማለትም የሙቅ ውሃ ታንከሩን፣ ውሃ መሬት ላይ ያፈሰዋል፤ ውሃው በረዶ ሆኖ ቦይለሩን እንዳይሰነጥቀው ነው። ጠዋት ስትነሱ የውሃ ፓምፑ ያለማቋረጥ ይጮሃል፣ ከቧንቧው ምንም አይወርድም፣ ከመኪናው ሥር ኩሬ አለ። ፓምፑን ሳያጠፋ የተኛ ሰው የዋናውን ታንከር ውሃም ሊያጣ ይችላል። የተበላሸ ነገር ግን የለም። የቫልቩን መዝጊያ ቁልፍ ብትጫኑትም አይዝላችሁም፤ ቫልቩ ያለበት ቦታ 7 ዲግሪ ሳይደርስ አይዘጋም። መጀመሪያ ቤቱን አሙቁ፣ ጠብቁ፣ ከዚያ ዝጉት፣ ውሃ ሙሉ። መኪናውን ስትረከቡ ቫልቩ የት እንዳለ ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ወንበር ሥር ወይም ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ሌሊቱን ማሞቂያውን ዝቅ አድርጋችሁ ማብራት፣ ፓምፑን ማጥፋት፣ የቁም ሳጥኑንም በር ገርበብ አድርጎ መተው ይበቃል።

ጋዙንም እዩ። ቡቴን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ወደ ጋዝነት አይለወጥም፤ ሲሊንደሩ ሙሉ ሆኖ ምድጃው አይነድም። ለብርድ ፕሮፔን ነው የሚያዘው። ሲሊንደሩም መግጠሚያውም ከአገር አገር ስለሚለያይ የጀርመኑን ባዶ ጣሊያን ላይ እቀይራለሁ ብላችሁ አትተማመኑ። ሁለት ሙሉ ይዛችሁ ውጡ፤ ማሞቂያ ሌሊቱን ሙሉ ሲነድ አንዱ በጥቂት ቀን ያልቃል።

«ካምፕ (የሞተርሆምና የድንኳን ማደሪያ) ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ» ለምትሉም፣ ብዙ ቦታ የሚሰጠው 6 አምፔር ብቻ ነው፤ 1,380 ዋት ገደማ ማለት ነው። ምጣድ ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ስትሰኩ መብራቱ ይጠፋል። ምጣዱን ቤት ተዉት፣ እንጀራውን ጋግራችሁ ያዙ።

ተራራው ክፍት ነው ብሎ ማሰብ

ካርታው መንገዱን ስላሳየ ያልፋል ማለት አይደለም። የጣሊያኑ ስቴልቪዮ ማለፊያ፣ 2,757 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው፣ በመጸው ይዘጋና እስከ ፀደይ መጨረሻ አይከፈትም። የኦስትሪያው ግሮስግሎክነር መንገድም ኖቬምበር መጀመሪያ አካባቢ ያበቃል። በረዶ ከጣለ ከዚያም በፊት ሊዘጉ ይችላሉ። ወደ ኤንጋዲን ከሆነ ጉዟችሁ ዩሊየር ማለፊያን ምረጡ፤ ክረምቱንም ክፍት ሆኖ የሚጠበቅ ነው። እሱንም ቢሆን ጠዋት አጣሩ።

ኦስትሪያ ከኖቬምበር 1 እስከ ኤፕሪል 15 በረዶ ወይም ውርጭ ያለበት መንገድ ላይ የክረምት ጎማ ታስገድዳለች። ጀርመን ቀን አትቆጥርም፤ መንገዱ በረዶ ከሆነ ግዴታ ነው። ጎማው ላይ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። ኤም ፕላስ ኤስ (M+S) የሚል ጽሑፍ ብቻ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ጀርመን ውስጥ አይበቃም።

«የትም አቁመን እናድራለን»

ኦክቶበር ሲጋመስ ብዙ ካምፖች ይዘጋሉ። ጀርመን ውስጥ ሽቴልፕላትስ የሚባሉት የሞተርሆም ማቆሚያዎች አብዛኞቹ ዓመቱን ሙሉ ይሠራሉ፤ ብርድ ሲመጣ ግን ውሃቸው ሊዘጋ ይችላል። ታንከሩን ባገኛችሁበት ሙሉ።

ክሮኤሺያ ከካምፕ ውጭ ማደር ትከለክላለች፣ ትቀጣለችም። ስዊድንና ፊንላንድ ማንም በተፈጥሮ ውስጥ እንዲዘዋወር የሚፈቅድ የታወቀ መብት አላቸው፤ መብቱ ግን ለእግረኛ እንጂ ከመንገድ ወጥቶ ለሚነዳ መኪና አይደለም።

የረጠበ ሣር ላይ አትቁሙ። አብዛኛው ሞተርሆም የሚጎተተው በፊት ጎማ ነው፣ ክብደቱ ደግሞ ወደ ኋላ ነው። ማታ በቀላሉ የገባው መኪና ጠዋት ትራክተር ያስጠራል። ጠጠር ያለበትን ምረጡ፤ ቅጠሉ የረገፈበትን አስፋልትም ሲዘንብ ቀስ ብላችሁ ንዱ፤ ያንሸራትታል።

ኪራዩን ሳይጠይቁ መፈረም

አልጋው ስድስት መሆኑ ስድስት ሰው ይጓዛል ማለት አይደለም፤ የደህንነት ቀበቶ ያለውን ወንበር ቁጠሩ። መኪናው የትኞቹ አገሮች መግባት እንደሚፈቀድለት፣ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስኬድ፣ የአገር ቤት መንጃ ፈቃድ ይቀበሉ እንደሆነ በጽሑፍ አስመልሱ። ሸንገን ውስጥም ቢሆን ድንበር ላይ ፍተሻ ሊኖር ይችላል። የመኖሪያ ፈቃድ ካርዱ ብቻውን አይበቃም፤ ፓስፖርቱም አብሮ ይያዝ። የመኖሪያ ካርዳችሁ ጊዜው አልፎ እድሳት ላይ ከሆነ፣ ካርዱ እጃችሁ እስኪገባ ከአገር አትውጡ። ያን ጊዜ ከምትኖሩበት አገር ሳትወጡ የሚደርስ የቢች ጫካ ፈልጉ።