ለሮሽ ሃሻና የፖም ኬክ ስትጋግሩ ቅቤውን ተዉት

የሮሽ ሃሻና፣ የአይሁድ አዲስ ዓመት፣ ሰሞን ስልኬ ፋታ የለውም። አንዷ "ኬኬ ራሰብኝ" ትላለች፣ ሌላዋ "ከታች ጥሬ ሆነብኝ" ትላለች። አልፈርድባቸውም። አያቶቻችን ጎንደር ላይ በዓሉን "ብርሃን ሠረቀ" ብለው ሲያከብሩ ፖም በማር አያውቁም ነበር። የተዋወቅነው እዚህ እስራኤል መጥተን ነው።

የቅቤውን ነገር ግን አልችልም። እራቱ በግ ወይም ዶሮ ነው። በአይሁድ የምግብ ሕግ ሥጋ በተበላበት ገበታ ላይ ወተት ነክ ነገር አይቀርብም፣ ይህን የማያውቅ የለም። ሰዉ ግን ለወጡ ሲጠነቀቅ ውሎ ጣፋጩ ላይ ሲደርስ ይዘነጋል። ስልኩ ላይ ያየውን የፈረንሳይ ታርት ታታን (ተገልብጦ የሚቀርብ የፖም ታርት) በቅቤ አጥለቅልቆ ይሠራል፣ ክሬም ይጨምርበታል። ከሥጋ በኋላ የሚጠበቀው ሰዓት እንደየቤቱ ልማድ ቢለያይም ብዙዎች 6 ሰዓት ይቆያሉ። ታዲያ ምሽት 2 ሰዓት ሥጋ አብልታችሁ ኬኩን ሌሊት 8 ሰዓት ልታቀርቡ ነው?

እኔም አድርጌዋለሁ። ገና ሙሽራ ሳለሁ ወርቅ የመሰለ ታርት ይዤ አማቶቼ ቤት ገባሁ። የባለቤቴ አያት ጠጋ ብለው አሸተቱና "ልጄ፣ ቅቤ አለበት እንዴ?" አሉኝ። ቤቱ ጸጥ አለ። "አዎ እማማ" አልኩ። ታርቱ ለማግስቱ ቁርስ ተቀመጠ፣ ያን ማታ ሁላችንም ተምር በላን።

በዘይት ጋግሩት። በዓሉ ሁለት ቀን ነው፣ የዘይት ኬክ ደግሞ በሁለተኛውም ቀን አይደርቅም። ማርጋሪን ወይም የተነባበረ ሊጥ ስትገዙ "ፓርቬ"፣ ማለትም ሥጋም ወተትም የሌለበት፣ የሚለውን ጽሑፍ ፈልጉ። ወተት ያለበት ማርጋሪን አለ። ክሬም ካማራችሁ የኮኮናት ክሬም ፍሪጅ ውስጥ አሳድራችሁ ምቱት።

ፖሙን በመልኩ አትምረጡ። ያ ቀዩ የሚያብረቀርቀው ኦቨን ውስጥ ገንፎ ይሆናል። ግራኒ ስሚዝ ወይም ፒንክ ሌዲ ይሻላል። በዚህ በዓል ኮምጣጣ የማይበሉ ቤቶች ስላሉ ለእነሱ ፒንክ ሌዲውን ውሰዱ።

ኬኩ የሚርሰው ከፖሙ ውሃ ነው። ከ80 በመቶ በላይ ውሃ የሆነን ፍሬ እንዲሁ ሊጥ ላይ ዘርግቶ "ለምን አልበሰለም" ማለት ምን ይባላል? የከተፋችሁትን በስኳር ለውሳችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት። የወጣውን ጭማቂ እስኪወፍር አፍሉና መልሱት። ሊጡን ቀድሞ በጋለ ትሪ ላይ አድርጋችሁ በኦቨኑ የታችኛው መደብ በ200 ዲግሪ ጋግሩት። የጽጌረዳ ቅርጽ የምትሠሩ ልጆች ደግሞ፣ ጎበዞች ናችሁ፣ ግን ጠርዙ ቀላ ብላችሁ አታውጡት። መሃሉ ገና ሊጥ ነው።

አንድ ኩባያ ስኳር በአንድ ኩባያ ማር አይተካም። ሦስት ሩብ ኩባያ በቂ ነው፣ ሌላውን ፈሳሽም ትንሽ ቀንሱ። ማር ቶሎ ስለሚጠቁር ሙቀቱን በ15 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርጉት።

ለውዝና ዋልነት ከመነስነሳችሁ በፊት እንግዶቻችሁን ጠይቁ። ብዙ አሽከናዚዎች (ከአውሮፓ የመጡ አይሁዶች) በሮሽ ሃሻና አይበሉትም፤ "ኤጎዝ" የሚለውን የዕብራይስጥ የለውዝ መጠሪያ ቃል በፊደላቱ የቁጥር ዋጋ "ኃጢአት" ከሚለው ቃል ጋር ያያይዙታል።

ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር በጣት እንኳ አታቅምሱ።

ተገልብጦ የሚቀርበውን ታርት ከኦቨን እንደወጣ አትገልብጡት፣ እስኪቀዘቅዝም አትጠብቁ። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። ከቀዘቀዘ የተቃጠለው ስኳር ይደርቅና ከመጥበሻው ጋር ይጣበቃል። ያኔ መጥበሻውን እሳት ላይ አንድ ደቂቃ አሙቁትና ገልብጡት። መጥበሻው ላይ የቀረ ፖም ካለ በማንኪያ እያነሳችሁ ቦታው መልሱት። ማንም አያውቅባችሁም።